ለሙዝ የሚታዘንበት ቤት

በ2015 ዓ.ም. በልግ፣ ዝናቡ መንደራችንን ጫኖን ካረሰረሰ በኋላ፣ የባሌ ዘመዶች በእኔ ክንድ ጉዳይ ተሰብስበው መከሩ። ክንዱ የእኔ ነው፤ እኔን ግን የጠራኝ አልነበረም።

ሦስተኛ ልጄን ስወልድ ደሜ አልቆም ብሎ በባጃጅ አርባ ምንጭ ተወስጄ ነበር። ጌታ መለሰኝ። ሐኪሙ ቶሎ ከደገምሽ አትተርፊም አለኝ። ከባሌ ጋር ተስማምተን ጤና ኬላ ሄድኩና ለዓመታት የሚያገለግለውን የወሊድ መከላከያ በክንዴ ቆዳ ሥር አስቀበርኩ። ለቀበረችልኝ የጤና ሠራተኛ ዛሬም እጸልያለሁ።

አንድ ቀን እጅጌዬን ሰብስቤ ልብስ ሳጥብ አማቴ፣ የባሌ እናት፣ ጠባሳውን አዩት። ሳይመሽ ሰፈሩ አወቀ። አንዱ፣ ያ ነገር በደም ሥር እየሄደ ልብ ይወጋል አለ። አንዷ ጎረቤቴ ደግሞ፣ ያንን ያስቀበረች ሴት ሸክም አትችልም አለችኝ። ይህን ስትነግረኝ የሙዝ ዘለላ ተሸክሜ ፊቷ ቆሜ ነበር።

የዘመዶቹን ውሳኔ ያመጡልኝ የባሌ ታላቅ ወንድም ናቸው። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው፤ በሙዝ እርሻም የሚስተካከላቸው የለም። ገጀራቸውን ይዘው እርሻችን ገቡና ሥራ ጀመሩ። ባሌና አማቴም አብረው ነበሩ።

“ነገ ጠዋት ሄደሽ ታስወጪዋለሽ” አሉኝ ቀና እንኳ ሳይሉ። “ልጅ የሚሰጠው እግዚአብሔር ነው። አንቺ በሩን አትዝጊ።”

“እኔንም ከሞት የመለሰኝ እሱ ነው፣ ጋሼ።”

“ወንድሜ በሦስት ልጅ ይቅር? ሰው ምን ይላል?”

ባሌ መሬት መሬቱን ያያል። ጋሼ ከእናቲቱ ሙዝ ሥር የወጣውን ቡቃያ ቆርጠው ጣሉት። ቀጥሎ ሌላውን። አንዱን ብቻ ተዉት።

“እነዚህን ለምን ቆረጧቸው?” አልኩ።

ስለ ሙዝ ሲጠየቁ ፊታቸው ይበራል። “ሁሉም ካደጉማ እናቲቱን ይጨርሷታል! አንዱን ታስቀሪያለሽ፤ እሱ ሲጠነክር ሌላ ታስከትያለሽ። ይሄን ያላወቀ ምኑን ገበሬ ነው?”

“ሙዟስ ታድላለች። የሚያዝንላት አላት።”

አማቴን ሳቅ አመለጣቸው፤ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ።

“ሙዝና ሰው አንድ ነው?” አሉ ጋሼ።

“አይደለም። የሙዝ ልጆች እናታቸው ስትሞት አያለቅሱም።”

“ምላስሽንም አብረው ያውጡልሽ! ነገ ጤና ኬላው በር ላይ እጠብቅሻለሁ።”

ይህን ብለው ወደ ቡቃያቸው ተመለሱ። እስኪጨርሱ ቆሜ አየኋቸው። ለእያንዳንዷ ሙዝ ዞር ዞር ብለው አስበው ነው የሚቆርጡት። እኔን ሁለት ጊዜ አላሰቡኝም።

በማግስቱ ጠዋት ጸሎቴን አድርሼ ወጣሁ። ባሌ ለገበያ ያዘጋጀሁትን የሙዝ ዘለላ አንስቶ ጀርባዬ ላይ አደላደለልኝ። “በታችኛው መንገድ ሂጂ። ኬላው በዚያ የለም” አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ይህም ከእሱ ትንሽ አይደለም፤ አመሰገንኩት። እኔ ግን በላይኛው ሄድኩ። ጋሼ እንዳሉት ኬላው በር ላይ ቆመዋል።

“እንደምን አደሩ፣ ጋሼ” አልኩና ሸክሜን በዚያው ክንዴ ደግፌ ወደ ገበያ አለፍኩ።