ከውሃው ዳር የገዛሁት ቤት መዝጊያ

በጽሑፍ እንዲቀመጥልኝ የምፈልገው በደል ይህ ነው። ቤት ስገዛ ሦስት ሽማግሌዎች ደጃፉ ላይ ቆመው ነበር። በአገራችን ደንብ ገዢ ቤቱን ከመረከቡ በፊት ከደጃፉ ይቆምና፣ «በዚህ ቤት ይገባኛል የሚል ሰው አለ ወይ?» ብሎ ሽማግሌዎቹን ይጠይቃል። ጠየቅሁ። ሦስቱም «የለም» አሉኝ። ሦስቱም ግን ያውቁ ነበር። የሻጩን ውሸት እተወዋለሁ፤ ሻጭ ለመሸጥ ይዋሻል። ሽማግሌ የሚጠራው ግን ለዚያች ለአንዲት ጥያቄ ነው። እሷን ከዋሸ ለምን ተጠራ?

እኔ ዕድሜዬን የጨረስሁት ሰቆጣ ውስጥ፣ በኪራይ ቤት፣ ጠላ እየጠመቅሁ ነው። አከራይ ልጁን ሲድር ልቀቂ ይለኛል፤ ዘመድ ከገጠር ሲመጣበትም ልቀቂ ይለኛል። የጠላ ጋኔን ተሸክሜ ያልዞርሁበት ሰፈር የለም። ልጄ ሞታ የልጅ ልጄ በእኔ እጅ ስትቀር አንድ ነገር ብቻ ፈለግሁ፤ ከእኔ በኋላ ይህችን ልጅ ማንም ልቀቂ የማይልበት ቤት።

ተከዜ ተገድቦ ውሃው ከተኛ በኋላ፣ ቆላው ባሕር ሆኗል የሚል ወሬ ወደ ሰቆጣ ይወጣ ጀመር። ከባሕሩ ዳር ከተማ በቅሏል፤ ዓሣ የሚያደርቁ፣ ዓሣ የሚጠብሱ፣ ጀልባ የሚሠሩ ሰዎች ከየአገሩ መጥተዋል፤ ቤትም ይሸጣል አሉ። የሰቆጣ ብርድ ደረቴን ይዞኝ ስለነበር ቆላው ይሻልሻል የሚል መካሪም አላጣሁም። መስቀል እንዳለፈ ልጅቱን ይዤ በአይሱዙ ላይ ወረድሁ።

የመጀመሪያውን ቀን አልረሳውም። እኔ ውሃ ሲወርድ እንጂ ሲተኛ አይቼ አላውቅም ነበር። ተራራው ሁሉ እግሩን ውሃ ውስጥ ከትቶ ቁጭ ብሏል። ድምፅ የለም። ያን ያህል ውሃ ባለበት ድምፅ አለመኖሩ ያን ጊዜውኑ ደስ አላለኝም፤ ግን ቤቱን ወደድሁት።

ቤቱ የድንጋይ ነው፤ ቆርቆሮው አዲስ ነው፤ ውሃው ከደጁ ሥር ነው። ከሁሉ የወደድሁት ግን መዝጊያውን ነበር። ከአንድ የዋንዛ ሳንቃ የተጠረበ፣ መቃኑ የወይራ፣ እጅና ጢስ ያጠቆረው ያረጀ መዝጊያ። ቤቱ የትናንት፣ በሩ የአያቶች ዘመን። ሻጩን፣ የፍየል ነጋዴውን፣ ከየት አመጣኸው ብዬ ጠየቅሁት። የዛሬ አናጢ እንዲህ ያለ በር የት ያውቃል ብሎ ሳቀ፤ እኔም አብሬው ሳቅሁ።

ድንበሩን ዞረን አየን። በላይ መንገድ፣ በቀኝ የዓሣ አድራቂዋ አጥር፣ በግራ አንድ ግራር፣ በታች ውሃው። እዚህ ላይ እንደ ደገኛ ተሳሳትሁ። በእኛ ዘንድ ድንበር ድንጋይ ነው፤ ከተተከለበት አይነቃነቅም። ውሃውንም እንደዚያ ቆጠርሁት። ከውሃው በታች ምን አለ ብሎ መጠየቅ በአሳቤም አልመጣ።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ውሃው መሸሽ ጀመረ። መጀመሪያ የጭቃ ሽታ መጣ። ቀጥሎ የደረቁ ዛፎች ጫፍ ከውሃው ውስጥ ብቅ አለ፤ ከዚያ እስከ ወገባቸው፣ ከዚያ ሙሉ ዛፎች፣ ነጭ፣ ቅጠል የሌላቸው፣ ወፍ ብቻ የተቀመጠባቸው። ፀሐዩ እየበረታ ሲሄድ ግድግዳዎች ወጡ። ልክ ከቤቴ ሥር መንደር ነበር። ውሃው ሲሞላ ከሸለቆው የተነሡ ሰዎች እንዳሉ ሰምቻለሁ፤ ከራሴ ደጅ ሥር የተነሡ መሆናቸውን ግን ማንም አልነገረኝም። ደለል የለበሱ ግድግዳዎች፣ በር የሌላቸው፣ ጣሪያ የሌላቸው፣ ወደ ላይ ወደ እኔ አፋቸውን ከፍተው ቆሙ።

በቆላ ቀትር ላይ ሰው አይንቀሳቀስም፤ ሁሉም ጥላ ፈልጎ ይተኛል። አንድ ቀን በዚያ ሰዓት የመጥረጊያ ድምፅ ሰማሁ። ሽው፣ ሽው፣ ረጋ ያለ፣ የማይቸኩል። ከጎረቤት መስሎኝ ወጣሁ። ከታች፣ ከመንደሩ መካከል፣ ጣሪያ በሌለው ቤት ውስጥ አንዲት ሴት ትጠርጋለች። ነጭ ነጠላ ለብሳለች። ጠርጋ ስትጨርስ በሩ በነበረበት ክፍተት ላይ ተቀመጠችና ፊቷን ወደ እኔ ቤት አዞረች። ጥላው እስኪረዝም ከዚያ አልተነሣችም።

በማግሥቱም መጣች። ከዚያም በኋላ ቀትር በሆነ ቁጥር።

ዓሣ አድራቂዋን ጎረቤቴን ማን ናት ብዬ ጠየቅኋት። ዓይኗን ከዓሣው ላይ ሳታነሣ፣ «የትኛዋ?» አለችኝ።

«ከታች የምትጠርገዋ።»

«ከታች ከደለል በቀር ምን አለ፣ እማማ?»

ይህን ብላኝ ግን ልጆቿን ጠርታ ወደ ቤት አስገባች። ከጀልባ ሠሪዎቹ አንዱን ጠየቅሁ፤ እሱም ወደዚያ ሳያይ ፀሐይ መትቶሽ ይሆናል አለኝ። ከተማው በሙሉ ወደ ታች ማየት ትቶ ነበር። ሲያልፉ አንገታቸውን ወደ መንገዱ ያዞራሉ። ራሴን መጠራጠር ያዝሁ። ልጅቱን ጠርቼ ከታች ምን ይታይሻል አልኋት፤ «ሴትዮ» አለችኝ። ያን ጊዜ ቢያንስ ብቻዬን እንዳላበድሁ አወቅሁ።

ሌላም ነገር ነበር። መዝጊያው በክረምቱ እርጥበት አብጦ በትከሻ ካልገፉት አይከፈትም ነበር። በጋ ሲገባ ደረቀና ጠበበ፤ መወርወሪያው መያዝ አቃተው። እንግዲህ ቀትር ላይ በራሱ ይከፈታል። ሳይጮህ፣ ቀስ ብሎ፣ ቤት ውስጥ ሰው እንዳለ አውቆ እንደሚገባ እንግዳ። ምክንያቱን አውቀዋለሁ፤ እንጨት ነው፣ ፀሐይ ነው። ምክንያት ያጣሁለት ሌላው ነው። በሩ በተከፈተ ቁጥር ከታች ያችው ሴት መጥረጊያዋን ጥላ ብድግ ትላለች። ስዘጋው ትቀመጣለች። አንድ ቀን ሆን ብዬ ከፈትሁት፤ ተነሣች። ዘጋሁት፤ ተቀመጠች። ሁለተኛ አልሞከርሁትም።

ፈርቼ የምኖርበት ቤት አልገዛሁምና አንድ ቀን ወረድሁ። ደለሉ ተሰነጣጥቆ እግር ይይዛል። ግድግዳው ትከሻዬ ድረስ ነው። ውስጡን ሳየው ቆምሁ። መሬቱ አዲስ ተለቅልቋል። ሦስቱ ጉልቻዎች በቦታቸው ናቸው፤ አንድ ቅንጣት ደለል የለባቸውም። የበሩ ቦታ ግን ተሸንቁሯል፤ መቃኑ በዶማ ተፈልቅቆ ለመውጣቱ ድንጋዩ ላይ ጠባሳው ይታያል።

ሴትዮዋ በኽምጣንጋ ሰላም አለችኝ። የእናቴ ቋንቋ ነው፤ መለስሁላት። በዕድሜ የእኔ እኩያ ናት፤ ልብሷ ንጹሕ፣ ነገሯም የጤነኛ ነው።

«በሬን ደህና አድርገሽ ይዘሽልኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝ።

 ልጇ ገና ውሃው ሳይተኛ ወደ ጦርነቱ እንደሄደ፣ አለመመለሱን፣ ግን ሞቷል ያላት ሰው እንደሌለ ነገረችኝ። ሲመጣ ቤቱን ውሃ ወስዶት ያገኛል፤ በሩን ግን ያውቀዋል አለች። በልጅነቱ በቢላ እየቆረጠ ያስቸግራት ነበር፤ ከታች በኩል እይው አለችኝ። ከዚያ ክንዴን ያዘች።

«አንዳንዴ ሲከፈት አያለሁ። እሱ እየመሰለኝ እነሣለሁ። የመጣ እንደሆነ ውሃ አጠጪልኝና ወደዚህ ወደ ታች ላኪልኝ።»

ስመለስ ከደጃፌ ተንበርክኬ መዝጊያውን ከታች አየሁት። በሕፃን ቁመት ላይ የቢላ ጭረት ተደርድሯል። በየቀኑ የማየው ነው፤ የምስጥ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲያ በሩ በራሱ ሲከፈት እኔም መነሣት ጀመርሁ። ልጅቱ ማን መጣ ትለኛለች፤ ማንም እላታለሁ፤ ተነሥቼ እንደቆምሁ።

የጎረቤቴን እጅ ይዤ አልለቅም አልኋት። ከዚያ ተናገረች። ሴትዮዋ የዚያ መንደር ሰው ናት። ሌላው ሲነሣ እሷ አልነሣም አለች፤ ልጄ የሚመጣው እዚህ ነው ብላ። ውሃው ደጇ ሲደርስ ዘመዶቿ ተሸክመው አወጧት፤ ዛሬ ከወንድሟ ልጅ ቤት ጓዳ ትኖራለች። ልጁ ሞቷል። አብሮት የዘመተ ሰው ገና ውሃው ሳይሞላ መጥቶ ለሽማግሌዎቹ ነግሯቸዋል። ከተነሣችና ከተረጋጋች በኋላ እንነግራታለን ብለው ያዙት። እንደያዙት ቀሩ።

«እሷን የማናያት ለምን መሰለሽ?» አለችኝ። «ዓይኗን ካየን ፊታችን ይነግራታል።»

በመጀመሪያ ወደ ሻጩ ሄድሁ። «እማማ፣ ውሃ የወሰደውን ነው ያነሣሁት፤ ከፈለግሽ ውሃውን ክሰሺ» ብሎ ከጓደኞቹ ጋር ሳቀብኝ። ውሃ መቃን በዶማ አይፈለቅቅም፣ አህያም አይጭንም አልሁት። ሳቁን አቆመ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹን ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር አገኘኋቸው። ቤቱን ስገዛ ምን ብዬ እንደጠየቅኋቸው፣ ምን ብለው እንደመለሱልኝ አስታወስኋቸው። አንደኛው ጊዜው አይደለም አለ። ሌላው ይደርሳል አለ። ትልቁ መሬት መሬት ያይ ነበር።

«እኔ የማውቀው ይህን ነው» አልኋቸው። «በሩ የእኔ አይደለም፤ መርዶውም የእናንተ አይደለም። እኔ የእሷን እመልሳለሁ። እናንተስ?»

ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ ቤቴ ተመለስሁ።

ሰማዩ መጥቆር ጀምሮ ነበር። ክረምቱ ከገባ ውሃው ተመልሶ ያን ግድግዳ ይወስደዋል። የጎረቤቴን ባል ለመንሁት፤ መጀመሪያ አይሆንም አለ፣ ኋላ ዶማውን ይዞ መጣ። መዝጊያውን ከነመቃኑ ነቀልነው። እኔ፣ እሱና ሚስቱ ተሸክመን በደለሉ ላይ አወረድነው፤ ከተሸነቆረው ቦታ አስገብተን በድንጋይና በጭቃ አቆምነው። እንደ ጓንት ገባ። የእኔን ደጃፍ በቆርቆሮ ዘጋሁት።

ቀትር ላይ መጣች። በሩን ስታይ አልጮኸችም፤ በመዳፏ ዳበሰችው፣ ከፈተችው፣ ገባች፣ ከውስጥ ዘጋችው። ከላይ ሆኜ እያየኋት ነው። ጣሪያ የለም፤ ውስጥ ስትመላለስ ራሷ ከግድግዳው በላይ ይታያል። በሩ ግን ዝግ ነው። ከዚያ ቤት ውስጥ ሰው ገብቶ በሩን ከዘጋ፣ በውጭ ያለነው ሁላችን የቆምነው ውሃ ውስጥ ነው የሚል ስሜት መጣብኝ፤ ለምን እንደሆነ ዛሬም አላውቀውም። የዚያን ቀን ወደ ወንድሟ ልጅ ቤት አልተመለሰችም።

ጎሕ ሲቀድ ሽማግሌዎቹ መጡ። ማንም አልጠራቸውም። ሦስቱም ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቀው ለብሰዋል፤ ዘመዶቿ ከኋላቸው ናቸው። በደለሉ ላይ በዝምታ ወርደው ከበሯ ፊት ቆሙ። የከተማው ሰው ከየቤቱ ወጥቶ ዳር ላይ ተሰለፈ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉም ወደ ታች አየ። ትልቁ በዘንጉ መዝጊያውን መታ። ከፈተች። የሚለው አይሰማኝም ነበር። የእሷን ጩኸት ግን ሰማሁ። ከነጮቹ ዛፎች ላይ ወፎቹ በአንድ ጊዜ ተነሡ፤ የጩኸቷ ድምፅም ከወዲያኛው ገደል ተመልሶ መጣ።

ለቅሶው እዚያው፣ ጣሪያ በሌለው ቤት ተደረገ። የልጁን አሮጌ ጋቢ ከጉልቻው አጠገብ አነጠፉት። እኔ ከጎኗ ተቀመጥሁ። ከቤቴ ድንጋይ ከእሷ ግድግዳ የተወሰደ ካለበት ቤቱን እንደምለቅላት ነገርኋት፤ በጋቢው ላይ ዓይኗን እንደተከለች፣ ድንጋዩ የእሷ እንዳልሆነና ከልጅቱ ጋር እንድቀመጥበት ነገረችኝ። እስከ ዛሬ ያለነው በዚያ ቤት ነው። በሩን ውሃው በዚያው ክረምት ወሰደው።

በሠልስቱ ዕለት ሰው ሲቀልል ከትልቁ ሽማግሌ አጠገብ ሄጄ ተቀመጥሁ። የቆየብኝን ጠየቅኋቸው።

«አያ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ይዛችሁት ኖራችሁ። እኔ ስለምን አልነገራችሁኝም? እሷንስ በሩን ባቆምሁ በማግሥቱ እንዴት ነገራችኋት?»

ዘንጋቸውን በጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። 

«እታለም፣ ለእናት መርዶ የሚነገራት ከገዛ ደጇ ተቁሞ ነው። የማን እንደሆነ ብንነግርሽ መርዶውም አብሮ ይወጣ ነበርና፣ በሯ ሲሸጥ እኛ ምስክር ሆነን ቆምን። ከዚያ ወዲያ የት ቆመን እንንገራት?»