በሰኔ ጾም የመጣ ቂጣ

ትናንት ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ የተቀመጠች ሴት ፌስታሏን ስትከፍት የለጋ ቅቤ ሽታ መኪናውን ሞላው። ሌላው ተሳፋሪ ምራቁን ሲውጥ እኔ አፈርሁ። ይህን ያህል ዓመት አልፎም ያ ሽታ ያሳፍረኛል፤ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስማር ደብረ ታቦር ቤት ተከራይቼ ብቻዬን እኖር ነበር። እናቴ ከገሳይ ከተማ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ከሚርቀው መንደራችን ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ስትወጣ ስንቄን በማዳበሪያ ቋጥራ ለሚኒባስ ረዳት ትሰጠዋለች። እሱ ደግሞ ከመኪናው ጣሪያ አውርዶ መነኸሪያው በር ላይ ያስረክበኛል። የገጠር ልጆች ሁላችንም የምንማረው እንዲህ ነበር። ረዳቱ ግንባሩ የተመለጠ፣ ድምፁ ተሳፋሪ በመጥራት ብዛት የሻከረ ጎልማሳ ነው። ማዳበሪያዬን ተቀብዬ ስሄድ አንድ ቀን እንኳ "እግዜር ይስጥልኝ" ማለቴን አላስታውስም። ስንቁ በራሱ እግር የሚመጣ ይመስለኝ ነበር።

ሰኔ ገባ፤ ለፈተናው ሦስት ሳምንት ቀረ። ዝናቡ የመነኸሪያውን ጭቃ ባቦካበት በአንዱ ቅዳሜ የተቀበልሁትን ማዳበሪያ ቤቴ ገብቼ ፈታሁት። በቅቤ የራሰ የስንዴ ቂጣ! የሰኔን ጾም ብዙ ሰው የቄስ ጾም ነው ብሎ ሲተወው እናቴ አንድም ቀን አጉድላ አታውቅም፤ እኔም አብሬያት ነው የምጾመው። እንግዲያው የእናቴ ስንቅ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል ማለት ነው። ርቦኛል፣ ፈተናው ያስፈራኛል፣ ደሜ ፈላ። ማዳበሪያውን አንጠልጥዬ ተመለስሁ፤ ረዳቱ ለመልስ ጉዞ ጭነት ሲያስር ደረስሁበት።

"አንተ ሌባ!" አልሁት ሰው ሁሉ እየሰማ። አንቱ የምለውን ሰው! "የእናቴን ስንቅ ለማን ሰጠኸው?"

ተሳፋሪው ሁሉ ዞሮ አየው። እሱ ማዳበሪያውን ከፈት አድርጎ አሸተተ።

"ይቅርታ እህቴ፣ ተሳስቻለሁ። ሁለተኛ አይደገምም።"

እውነትም አልተደገመም። በሚቀጥሉት ሁለት ቅዳሜዎች የመጣው ደረቅ ቂጣና የጾም ሽሮ ነበር። ተቆጥቼ ያስተካከልሁት መስሎኝ እንዴት እንደተኩራራሁ!

ፈተናውን ጨርሼ አገር ቤት ስገባ እናቴን አልጋ ላይ አገኘኋት። ጉንጯ ጎድጉዷል፣ ድምጿ ሰልሏል። ከተኛች ወር ሊሞላት ነው።

"ስንቁን ታዲያ ማን ላከው?" አልኋት።

"የምን ስንቅ ልጄ? እኔስ በየት አቅሜ? ፈተናሽን ጥለሽ እንዳትመጪብኝ፣ መታመሜን እንዳይነግሩሽ ጎረቤት ልኬ ረዳቱን አስለመንሁ እንጂ። ቀደም ብዬ የላክሁት በሶ ያቆያታል ብዬ ነው።"

በማግስቱ ገሳይ ወረድሁ። ረዳቱ ፊት ስቆም እንባዬ ቀደመኝ።

"አንቱን ሌባ ያልሁበት አፌ ቁርጥ ይበል" አልሁ፣ ተሳፋሪው እንዲሰማ ጮክ ብዬ።

ከእኔ ይልቅ እሱ አፈረ። "ተይ እንጂ፣ ሰው ይሰማል። ፈተናው እንዴት ሆነ?"

"ደህና ነው።"

ፊቱ በራ። "ስንቁን ስታሰናዳልሽ የነበረችው ባለቤቴ ናት፤ ቅቤውም የእሷ ሥራ ነው። እኔም ያወቅሁት አንቺ ስትመልሺው ነው። ለልጃችን ክርስትና ያስቀመጠችውን አሟጣ ነው የቀባችው። ጾም አይደለም ወይ ብላት፣ 'የሚያጠና ልጅ አቅም ይፈልጋል' አለችኝ። ሳትቀምሺው መመለስሽን ስነግራት ግን ከፍቷት ዋለች።"

"ቤትዎ የት ነው? አሁኑኑ ልሂድና እግሯ ላይ ልውደቅ።"

"ኧረ ዛሬ የለችም፣ እናቷ ዘንድ ሄዳለች። ሌላ ቀን" አለና የመኪናውን ጎን መታ መታ አድርጎ ተንጠላጠለ።

ሌላ ቀን አልመጣም። እናቴን ሳስታምም ክረምቱ አለቀ፤ እኔ ዩኒቨርሲቲ ስገባ እሱም ያንን መስመር ለቆ ወዴት እንደሄደ የሚያውቅ አጣሁ። እናቴ ድና ዛሬም አለች፣ እኔም ተምሬ ሥራ ይዣለሁ። ያን ሰኔ ያበላችኝን ሴት ግን መንገድ ላይ ባገኛት እንኳ አላውቃትም።