ማዞሪያ የሌለው ስፒከር

አባባ ዓይናቸውን ያጡት ቀስ በቀስ ነው። አንኮበር እያሉ መጀመሪያ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቃታቸው፣ ቀጥሎ የሰው ፊት መለየት፣ ቀጥሎ የደጃቸውን ቁልቁለት መውረድ። ሁለት ጊዜ ወደቁ። በሁለተኛው የእጃቸው አንጓ ሲሰበር እናቴ ሄዳ ወደኛ ወደ ደብረ ብርሃን አመጣቻቸው። አባባ የምላቸው አያቴን፣ የእናቴን አባት ነው። ሲመጡ የያዙት አንድ ጋቢ፣ አንድ ዳዊትና አንድ ራዲዮ ነበር። ዳዊቱን በቃላቸው ነው የሚደግሙት፣ ግን ጭናቸው ላይ ካልተቀመጠ አይጀምሩም። ራዲዮውን ደግሞ በጣታቸው ያውቁታል።

ራዲዮው በባትሪ ድንጋይ የሚሠራ፣ አንቴናው ተሰብሮ በሽቦ የተቀጠለ ነበር። ሁለት ማዞሪያ አለው። የግራው ያበራል፣ ድምፅ ይጨምራል። የቀኙ ጣቢያ ይፈልጋል፤ እሱን አባባ ነክተውት አያውቁም፣ አንድ ጣቢያ ይበቃቸዋል። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ተኩል ቤት ውስጥ ብቻቸውን ናቸው፤ እናቴ መሥሪያ ቤት፣ እኔ ትምህርት ቤት ነን። በዚያ ሁሉ ሰዓት ቀኑን የሚይዙት በራዲዮው ነበር። የጠዋቱ ዜና ሲያልቅ ቁርሳቸውን ይበላሉ። የገበሬዎች ፕሮግራም ሲጀምር በግድግዳው ተደግፈው እስከ በሩ ይሄዱና ይመለሳሉ። የጤናው ፕሮግራም ሲመጣ የኔ መግቢያ ስለሆነ መቀርቀሪያውን ይከፍቱልኛል። አንድ ቀን አርፍጄ ስገባ «ሐኪሙ ተናግሮ ጨርሷል፤ ከማን ጋር ነበር የቆምሽው?» አሉኝ። ዓይን ያለው ሰው እንደሳቸው አይቆጣጠረኝም።

ለጥምቀት አክስቴ ከአዲስ አበባ ስትመጣ ስፒከሩን ይዛ መጣች። የቡና ጣሳ የሚያህል፣ ጥቁር ጨርቅ የለበሰ፣ ሽቦው አንድ ብቻ፣ እሱም የመብራት። በዋይፋይ ነው የሚሠራው። አፑን ስልኬ ላይ ጫነችልኝና የበገና መዝሙር ከፈትን። እኔ እንዲህ ያለ ድምፅ ቤታችን ውስጥ ሰምቼ አላውቅም፤ ጣት ጅማቱን ሲነካ ሳይቀር ይሰማል። አባባ ደርዳሪው የገባ መስሏቸው በአልጋው ጠርዝ ላይ ፈቀቅ ብለው ቦታ ለቀቁለት።

«ማነው እሱ?» አሉ።

«ሰው አይደለም አባዬ፣ ስፒከር ነው» አለች አክስቴ። «ከእንግዲህ ያን ያረጀ ራዲዮ ይተዉት። ይሄ የዓለምን ጣቢያ በሙሉ ያመጣልዎታል።»

«የዓለሙ ይቅርብኝ፣ የኔን ጣቢያ ያመጣል?»

አመጣ። ደስ ብሎኝ ዘለልኩ።

በዚያው ሳምንት ልብስ የሚያጥቡልን ሴትዮ መጡ። ከወለጋ ተፈናቅለው ከተማው ዳር ያለው መጠለያ ውስጥ ነው የሚኖሩት። ራዲዮውን አየት ሲያደርጉ አየኋቸውና፣ ማንም ሳይጠይቀኝ «አባባ፣ ለእትዬ እንስጣቸው?» አልኩ። ሐሳቡ የኔ ነው። አባባ «አዲሱ ለኔ ከበቃኝ፣ ሁለት ምን ያደርግልኛል» አሉና በጋቢያቸው ጫፍ ጠርገው፣ ባትሪውን እንኳ ሳያወጡ፣ በሁለት እጃቸው ሰጧቸው። እትዬ ጉልበታቸውን ሳሙ። እኔ ቀኑን ሙሉ በራሴ ስኮራ ዋልኩ።

ሰኞ ጠዋት ጣቢያውን ከፍቼላቸው፣ ስልኬን ቻርጀር ላይ ሰክቼ ወጣሁ። ስመለስ ቤቱ ጭጭ ብሏል። አባባ ዳዊታቸውን ይዘው ተቀምጠዋል፣ ቁርሳቸው እንደተከደነ ነው።

«እሜቴ አኩርፋለች» አሉኝ። ስፒከሩ ሲበራ በሴት ድምፅ ስለሚናገር እሜቴ ነበር የሚሏት።

የሆነው እንዲህ ነው። ሦስት ሰዓት ላይ መብራት ሄዶ ነበር። ሲመለስ ዋይፋዩ ተመለሰ፣ ስፒከሩም በራ፣ ግን ጣቢያውን ራሱ አይከፍትም፤ ስልክ እስኪያዘው ይጠብቃል። ስልኬ ደግሞ ስፒከሩን «አልተገኘም» ይላል። ክንዴን ብዘረጋ እነካዋለሁ፣ እሱ ግን አልተገኘም። አጠፋሁ፣ አበራሁ፣ አፑን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩ፣ የአክስቴን ፓስወርድ በስልክ ጠየቅሁ። አንዴ ሲገኝ መጀመሪያ አፕዴት ካልተደረገ አልሠራም አለ። አፕዴቱ ተጀምሮ መብራቱ ሄደ።

ማክሰኞም እንዲሁ፣ ሐሙስም እንዲሁ። መብራት ባይሄድ ዋይፋዩ ይሄዳል።

ቅዳሜ ለአባባ ስልክ ላስተምራቸው ተነሣሁ። መክፈቻዋ ምልክት የምትገኝበት ቦታ ላይ ትንሽ የቁስል ፕላስተር ለጠፍኩና ጣታቸውን ወስጄ አስነካኋቸው። አገኟት። ግን ስክሪኑ ሲጠፋ ያች ቦታ ምንም አይደለችም፤ ሲበራ ደግሞ አንድ ማስታወቂያ መጥቶ እዚያው ላይ ይቀመጣል። አባባ አንድ ጊዜ ተጫኑና ለእናቴ አለቃ ደወሉ።

ቀጥሎ በንግግር ሞከርን። እሜቴ ስትታዘዝ ትሰማለች፣ ግን በእንግሊዝኛ ብቻ። አባባን «ፕሌይ ሬዲዮ» አስጠናኋቸው።

«ፒሌይ ረዲዮን» አሉ፣ ጎንበስ ብለው፣ ጆሮው ለከበደ ሰው እንደሚናገር። መለሰችላቸው።

«ምን አለች?»

«ይቅርታ፣ አልገባኝም አለች።»

«ትሑት ናት። ልድገምላት።»

በሰባተኛው ብዙ ተናገረች።

«አሁንስ?»

«የሆነ አገር ዝናብ እየዘነበ ነው አለች።»

«እሰይ፣ ይዝነብላቸው» አሉና ወደኋላ ተደገፉ። እኔ ሳቅሁ፣ እሳቸውም ሳቁ። ያን ቀን ገና ተስፋ ነበረኝ።

የመጨረሻው ብልሃቴ ጎረቤታችን ነበር። ግቢው ውስጥ አራት ተከራዮች ነን፣ ዋይፋዩ የአከራያችን ሆኖ ሁላችንም በአንድ ፓስወርድ እንጠቀማለን። ጓሮ ያለው ወጣት መምህር አንዳንድ ጠዋት ቤቱ ስለሚውል አፑን ስልኩ ላይ ጫንኩለትና ስፒከሩ ዝም ሲል እንዲከፍትልን ለመንኩት። ደግ ልጅ ነው፣ እሺ አለ። በዐቢይ ጾም አንድ ዓርብ ግን ለራሱ ዘፈን ሊሰማ ብሎ ከክፍሉ ሲከፍት፣ ስልኩ የመረጠው የኛን ስፒከር ነው። መምህሩ አልሰማ ሲለው ድምፅ ጨመረ፣ ጨመረ፣ ከዚያ ተሰላችቶ ወጥቶ ሄደ።

ከትምህርት ቤት ስገባ ዘፈኑ እስከ ውጭው በር ይሰማል። አባባ ስፒከሩን በጋቢ ጠቅልለው፣ ብርድ ልብስ ደርበውበት፣ ላዩ ላይ ተቀምጠዋል። ከሥራቸው እስክስታው ይመታል።

«በጾም የሚያገባው ማነው ብዬ በሩ ድረስ ሄጄ ነበር» አሉ። «ለካ ሠርጉ እኛው ቤት ነው። ማጥፊያዋን ብዳብስ ብዳብስ ድፍን ናት ልጄ።»

ነቀልኩት። በዚያን ቀን አልሳቁም።

እናቴ ከገበያ ትንሽ ራዲዮ ገዝታ መጣች። አንድ ቁልፍ ነው ያለው፤ ሲጫኑት ራዲዮ፣ ሲደግሙት ሜሞሪ፣ ሲሠልሱት ከስልክ የሚቀበል ይሆናል፣ እያንዳንዱንም በቻይንኛ ይናገራል። አባባ ሁለት ቀን ታገሉትና ትራሳቸው ሥር አደረጉት።

«የሚያበራውና ዝም የሚያሰኘው አንድ ሆኖብኝ ነው» አሉ። «እጄ የሚያውቀው ያንን ነበር። አሁን ሌላ አይማርም።»

ለማንም ሳልናገር ወደ መጠለያው ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ የምለውን ስለማመድ ነበር፤ እትዬ፣ ለጥቂት ጊዜ ብቻ፣ አዲስ እናመጣልዎታለን። ስደርስ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ራዲዮው ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፣ ሽቦው እንጨት ላይ ታስሯል፤ እትዬና ሌሎች ሴቶች ከበውት ያዳምጣሉ። ማንም አያወራም። ዜናው ሲያልቅ ነው እትዬ ዞር ያሉት።

«ውይ ልጄ፣ በምን እግርሽ መጣሽ? አያትሽ ደኅና ናቸው?»

«ደኅና ናቸው።»

«ያገራችንን ወሬ የምንሰማው በሳቸው ራዲዮ ነው። ጠዋት ጠዋት ሁላችንም ነው የምንመርቃቸው። ንገሪልኝ።»

«እነግራቸዋለሁ» አልኩ። የተለማመድኩትን ሁሉ ዋጥ አድርጌ፣ የሰጡኝን ቆሎ ይዤ ተመለስኩ።

«የት ነበርሽ?» አሉ አባባ።

«ጓደኛዬ ጋ።»

«ጫማሽ ጭቃ ይጎትታል፤ የጓደኛሽ ቤት አስፋልት ላይ ነው።» ጫማዬን አወለቅሁ። «ጠየቅሻት?»

«አልጠየቅኳቸውም።»

«ጎበዝ። በእጄ የሰጠሁትን በልጄ ልጅ አላስለምንም። ሁለተኛ እንዳትሄጂ።»

ከዚያ ወዲህ ስለ ራዲዮ አንሥተው አያውቁም። እኔ ጠዋት ስፒከሩን እከፍታለሁ፣ እሱም ደስ ያለው ሰዓት ይዘጋል። አባባ ሲዘጋ አይነግሩኝም። ቁርሳቸውን አንዳንዴ ከምሳ ጋር አንድ ላይ አገኘዋለሁ። በሩን እኔው እከፍታለሁ።

ሰኔ ገባና ጉሙ ከጠዋት እስከ ማታ ከተማው ላይ መተኛት ጀመረ። ባለፈው ረቡዕ ፈተና ጨርሼ ስገባ አልጋቸው ላይ ያጣኋቸው መሰለኝ፤ እስከ ራሳቸው ተሸፋፍነው ነበር። ጫማቸው ተወልቆ ግድግዳው ሥር በሥርዓት ተቀምጧል፣ ኮታቸው ሚስማሩ ላይ ተሰቅሏል። ይህን የሚያደርጉት ማታ ሲተኙ ነው።

«አባባ፣ አመምዎት?»

«አላመመኝም። ጸሎቴን አድርሼ ተኛሁ። እናትሽ ገና አልገባችም? ዛሬስ አመሸች።»

«ስድስት ተኩል ነው አባባ።»

«የሌሊቱ?»

«የቀኑ።»

ብርድ ልብሱን ከፊታቸው ገለጥ አደረጉ። ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩት፣ እዚያ የሚነግራቸው ነገር እንዳለ ሁሉ። ቆይተው መልሰው ተሸፈኑ።

«ልነሣ ብልስ ምን ላደርግ» አሉ። «እንደተኛሁ ይምሽ።»

ደብተሬን እንደያዝኩ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። እውነተኛው ማታ እስኪመጣ ገና ብዙ ሰዓት ነበረው።