የአማቻችን ጫካ

የእህቴን ባል ንቄዋለሁ ስል ሰው ይቀየመኛል። እስቲ ሰምታችሁ ፍረዱ።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ በአንድ መሥሪያ ቤት ንድፍ ሠሪ ነበር። ሌሎቹ አዳራሽና ሆቴል ሲነድፉ ለእሱ የሚደርሰው መጸዳጃ ቤቱ ነው። ሠፈርተኛው ለማሾፍ «አርክቴክቱ» ይለዋል፤ እሱ ግን የምር ወስዶት ልቡ ያብጣል። ጡረታ በወጣ በሳምንቱ የቤቱን ደጃፍ አገር በቀል ጫካ አደርገዋለሁ ብሎ ተነሣ። በሕይወቱ አንድ ጎመን እንኳ ተክሎ አያውቅም።

እህቴ ግላኮማ የሚሉት በሽታ ዓይኗን ጨርሶባታል፤ የምትለየው ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው። ሆኖም ከሳሎኑ በር እስከ አጥሩ በር የሚወስደው ሲሚንቶ ቀጥ ያለ ስለነበር፣ በየማለዳው ብቻዋን ወጥታ ከማዶው ሱቅ ዳቦ ትገዛለች። ያለ ሰው እጅ የምትሄድበት የቀራት መንገድ ይኸው ነበር።

ባሏ ወረቀቱን ሳሎን ወለል ላይ ዘርግቶ ሦስት ሳምንት ተንበረከከ። ወይራ እዚህ፣ ጽድ እዚያ፣ ከሥራቸው ጥላ የሚወድ ፈርን የሚሉት ቅጠላም ተክል፣ ደረቅ ቅጠል፣ ለጥንዚዛ መኖሪያ ደግሞ የበሰበሰ ግንድ። ሲሚንቶው ይፈርስና እየተጠማዘዘ የሚሄድ የድንጋይ መረማመጃ ይገባል። ለተከላው የቀጠረው አትክልተኛ ፈራ ተባ እያለ፣ እትዬ ታዲያ በዚህ እንዴት ይወጣሉ ብሎ ጠየቀው።

«አንተ ጫካ ውስጥ ቀጥ ያለ መንገድ አይተህ ታውቃለህ?» አለው።

እኔም ተናገርሁ፣ እሷም ለመነችው፤ ጆሮ ዳባ ልበስ። ትለምደዋለች አለ። ንድፉን አየሁት። ቢራቢሮ ሳይቀር ስሎበታል፤ ሚስቱ ግን የለችበትም።

መረማመጃው ባለቀ ማግስት እህቴን ሁለተኛው ጥምዝ ላይ ግንዱ አደናቅፏት ወደቀች። እኔ ጉልበቷን ሳጥብ እሱ የተሰበረ ፈርን ይፈትሽ ነበር። ጨርሼ የናቅሁት ያን ጊዜ ነው። ከእንግዲህ ጠዋት ጠዋት እየመጣሁ ላውጣሽ ብላት እንቢ አለች።

«ዛሬ እጄን ከሰጠሁሽ ነገ ከአልጋም የምታነሺኝ አንቺ ነሽ» አለችኝ።

በነጋታው ከበሩ ወጣችና መረማመጃውን ትታ፣ ፈርኑን እየደፈጠጠች ቀጥ ብላ ሄደች። አርክቴክቱ ተነጫነጨ፣ አኮረፈ፣ በተረገጠው ቦታ ሌላ ችግኝ ተከለ። ያንንም ረገጠችው። ሁለት ወር ሳይሞላ አፈሩ ጠንክሮ በጫካው መሐል ከበር እስከ በር የሚደርስ መንገድ ወጣ።

አንድ ቅዳሜ ማለዳ የድሮ ባልደረቦቹ የአትክልት ቦታውን ሊያዩ መጡ። ዞር ዞር እያሉ ሲያደንቁ ቆዩና አንደኛው ይህ የተረገጠው ነገር ምንድን ነው አለ። አማቻችን ጉሮሮውን ጠራረገ።

«እውነተኛ ጫካ ውስጥ አውሬ የሚመላለስበት ዱካ አይጠፋም። ሆን ብዬ ነው ያስገባሁት» አለ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ።

ሰዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዱማ ዱካውን ፎቶ አነሣው። አውሬዋ ደፉ ላይ ተቀምጣ ትሰማ ነበር። ተነሣችና በመሐላቸው አልፋ ዳቦ ልትገዛ ወጣች።