በአግድም የተጻፈው ደብዳቤ

ሎቪዛ ታርቤል ደብዳቤ ማንበብ ስትጀምር ሴቶቹ መርፌያቸውን ያቆማሉ። በማርሎው ክሪክ ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ የዚያ አገር ሴት ቤቷ ቢቃጠል እንኳ የጀመረችውን ስፌት ሳትቋጭ አትነሣም ይባላል። ሎቪዛ ግን ድምፅ ነበራት። በሥራ ቀን ለልጆች ፊደል የሚያስቆጥር፣ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከአባቷ ኮርቻ መሥሪያ በላይ ባለችው፣ ቆዳ ቆዳ በምትሸት ክፍል ውስጥ፣ የማኅበሯን ሃያ ሁለት ሴቶች ከኦሃዮ አንሥቶ ካንሳስ ድረስ የሚያደርስ ድምፅ።

ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው፤ አላገባችም። ለምን ሲሏት «የሚጠይቀኝ ጠፍቶ ሳይሆን የሚጽፍልኝ በዝቶ ነው» ትላለች። እውነቷን ነው። ለሴቶች የመምረጥ መብት ከሚደክሙ ከአሥራ አንድ ሴቶች ጋር ትጻጻፋለች፤ አብዛኞቹን በዓይኗ አይታቸው አታውቅም። አንዷ ፊርማ ስታሰባስብ ውሻ እንደ ነከሳት፣ ሌላዋ ስለ መጠጥ ጠንቅ ስትናገር ሰው ሠራሽ ጥርሷ መድረክ ላይ እንደ ወደቀባት ጽፈውላታል። አይገርምም? ፊቷን አይታው የማታውቀውን ሴት የጥርሷን ነገር ታውቃለች።

እነዚህ ሴቶች የትም ያልተጻፈ ሕግ ነበራቸው። ትልቁ ወረቀት የማኅበሩ ነው፤ ጮክ ተብሎ ይነበባል። ለወዳጅ ብቻ የሚባል ነገር ካለ በትንሽ ወረቀት ተጽፎ፣ ታጥፎ፣ ከመሐል ይገባል። ስለዚህ ሎቪዛ ፖስታ ስትከፍት መጀመሪያ በጣቶቿ ትንሿን ወረቀት ትፈልጋለች። ካገኘቻት እጅጌዋ ውስጥ ትሸጉጣታለች። ካጣቻት ደብዳቤው የሁሉም ነው።

ሀልዳ ስፒንክ ከከተማው አሥር ማይል ርቃ የምትኖር የገበሬ ሚስት፣ የትንሿ ኤፊ እናት ናት። ባሏ ኦሪን የማኅበሩን ስም እንኳ መስማት ስለማይወድ ወደ ስብሰባ መጥታ አታውቅም። በእሷ ፈንታ ደብዳቤዋ ይመጣል። የባሏ እህት ፐርሚሊያ ግን ከተማ ውስጥ ስለምትኖር ከማኅበሩ አትቀርም፤ ጥግ ይዛ ትሰፋለች፣ ብዙ አትናገርም።

በነሐሴ አንድ ረቡዕ፣ ስብሰባው ከተጀመረ በኋላ፣ የሀልዳ ደብዳቤ ደረሰ። ሊቀመንበሯ ወይዘሮ ኮልቢ «በይ እንግዲህ አታስጎምጂን» አለቻት። ሎቪዛ ፖስታውን ከፍታ በጣቶቿ ዳሰሰች። ትንሽ ወረቀት የለም።

አነበበች። ሀልዳ ከጎረቤቶቿ አራት አስፈርማለች፤ አንዷማ ባሏ እንዳያያት ቅቤ መናጫው ጀርባ ተደብቃ ነው የፈረመችው። ሴቶቹ ሳቁ። ገጹ ሲያልቅ ሀልዳ ወረቀቱን አዙራ፣ በተጻፈው ላይ በአግድም፣ መስመር በመስመር እየተሻገረች ቀጥላ ነበር። ወረቀት ለመቆጠብ ሁሉም ያደርገዋል። እንዲህ ያለውን እንደ መረብ የተጠላለፈ ጽሕፈት ሳትደናቀፍ ማንበብ የሎቪዛ ኩራት ነው። ድምጿ ከልቧ ይቀድማል።

«ዘንድሮ ቲማቲሙ አልተሳካም። በሚመጣው ሐሙስ ኦሪን ከብት ገበያ ሲሄድ ኤፊን ይዤ የጠዋቱን ባቡር እሳፈራለሁ። ክንዴ ገና አልዳነም። ለሰው በሩ መታኝ ብያለሁ፤ በር ግን እጅ የለውም።»

ሎቪዛ ያነበበችውን የሰማችው ከሌሎቹ ጋር እኩል ነበር።

ሁሉም ወደ ፐርሚሊያ ዞሩ። ፐርሚሊያ ክሯን በጥርሷ በጠሰች፤ ቀና አላለችም። ሎቪዛ ወረቀቱን አጣጥፋ፣ በልጆቻችሁ ይሁንባችሁ፣ ይህ ነገር ከዚህ ክፍል እንዳይወጣ ስትል ለመነች። ወይዘሮ ኮልቢ በሁሉም ስም ቃል ገባች።

በማግስቱ ሐሙስ ሎቪዛ ቤቷ ዋለች። ቃል ተገብቷል እያለች ራሷን አጽናናች። ያ አንድ ቀን በኋላ ዕድሜዋን ሙሉ ሲቆጫት ኖረ። ዓርብ ግን አላስችል ብሏት የአባቷን ፈረስ ጋሪ ላይ ጠምዳ ወጣች።

ሀልዳ በአንድ እጇ ልብስ ስታሰጣ አገኘቻት፤ ሌላው እጇ በጨርቅ ታስሮ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ልጅቷ ግቢው ውስጥ የለችም።

«ዛሬ ማለዳ ኦሪን እናቱ ቤት ወሰዳት» አለች ሀልዳ። «ባቡሩ ብቻሽን ይውሰድሽ አለኝ።»

«ፐርሚሊያ ናት የነገረችው።»

«አይደለችም። ወይዘሮ ኮልቢ ለባሏ ነገረችው፤ እሱ ትናንት ጎሕ ሲቀድ፣ ኦሪን ገበያ ሳይወጣ፣ ፈረስ ጭኖ መጥቶ ሚስትህን ጠብቅ አለው። ኦሪን ራሱ ነው የነገረኝ፣ እየሳቀ።»

«ትንሿ ወረቀት አልነበረችም፣ ሀልዳ።»

«ወረቀት የሚያመጣልኝ እሱ ነው፤ አንድ ብቻ ቀርታኝ ነበር። አግድም የጻፍኩት፣ አንቺ ቀድመሽ ታይዋለሽ ብዬ ነው።»

«አላየሁትም» አለች ሎቪዛ። «አነበብኩት እንጂ።»

ሀልዳ አንዲት ትንሽ ቀሚስ አራግፋ ሰቀለች። ከዚያ ስንት ሰው እንደ ሰማ ጠየቀች። ሃያ ሁለት። ቁጥሩን ለራሷ ደጋግማ አለችው፤ ፊቷ ላይ ሎቪዛ ያልጠበቀችው ነገር መጣ።

«እስከ ረቡዕ አንድም ሰው አልነበረኝም። ሰኞ ዳኛው ዘንድ እሄዳለሁ። ጻፊላቸው፣ ይምጡ።»

«ምን ብለው ይመስክሩ? የሰሙት ደብዳቤ ነው።»

«ምንም አይበሉ። ይቁሙልኝ ብቻ። ዳኛው ብቻዬን እንዳያየኝ።»

ሀልዳ ሽርጧን እንኳ ሳታወልቅ ከሎቪዛ ጋር ከተማ ልትሄድ ጋሪው ላይ ወጣች።

ቅዳሜና እሑድ ሎቪዛ ሃያ ሁለት ደብዳቤ ጻፈች፤ ተማሪዎቿ አደረሱላት። የሁሉም ቤት በእግር የሚደረስ ነው፤ ግን ፊት ለፊት ለመጠየቅ አፈረች፣ ደግሞም ይህች ሴት ከመጻፍ በቀር የምታውቀው መሣሪያ የላትም። መልሱ በጥሩ ወረቀት፣ በሚያምር እጅ ጽሕፈት መጣ። አንዷን ራሷን አሟታል። የሌላዋ ኮክ ዛሬውኑ ካልተቀቀለ ይበላሻል። ሦስቱ ባሎቻቸውን ሊያማክሩ ነው። ወይዘሮ ኮልቢ አራት ገጽ ሙሉ፣ ታላቁን ዓላማ ከባልና ሚስት ጠብ ጋር መቀላቀል እንደማይገባ አብራራች። ከመሐል ትንሽ የታጠፈች ወረቀት ወደቀች፤ «ይቅር በይኝ፤ ባሌ ዝም ይላል ብዬ ነው» ትላለች። ሎቪዛ ሁለቱንም ምድጃ ውስጥ ጣለቻቸው።

ሰኞ ዳኛው ዘንድ ሦስት ሴቶች መጡ። የዳቦ ጋጋሪው መበለት፣ መስማት የተሳናት የቤተ ክርስቲያን ኦርጋን መቺ፣ እና ፐርሚሊያ። ሎቪዛ በሆዷ ስላማቻት ቃል ፈልጋ ስትንተባተብ ፐርሚሊያ አቋረጠቻት።

«ወንድሜ ነው። ከሁላችሁም በፊት እጁን የማውቀው እኔ ነኝ።»

ሄዳ ከሀልዳ አጠገብ፣ በታሰረው ክንድ በኩል ተቀመጠች። በዳኛው ተጠርቶ የመጣው ኦሪን እህቱን ባየ ጊዜ ባርኔጣውን መልሶ ሊደፋ ዳድቶት ተወው።

ዳኛው ክንዱን አየ፣ ሦስቱን ሴቶች አየ፣ መነጽሩን ጠረገ። ሕጉ ልጅ የአባት ነው እንደሚል ተናገረ። ቢሆንም ነገሩ በኅዳር ችሎት እስኪታይ ልጅቷ ከአያቷ ዘንድ ትቆይ፤ እናቲቱም እሑድ እሑድ በፐርሚሊያ ፊት ትያት አለ። ከዚያ የሌላ ሰው የአጥር ክርክር ተጠራ።

ደጅ ሲወጡ ፀሐይዋ ታቃጥላለች። ሎቪዛ ሌሊቱን ያዘጋጀችው የይቅርታ ቃል ነበራት፤ የሀልዳን ፊት ስታይ ዋጠችው። ሀልዳ እስከ ኅዳር ስንት እሑድ እንዳለ ጠየቀቻት። ሎቪዛ በጣቶቿ ቆጥራ አሥራ ሁለት አለች።

ሀልዳ ወደ ፐርሚሊያ ዞረች። «እሑድ እናትሽ ከቤተ ክርስቲያን ስንት ሰዓት ትመለሳለች?»

«ከቀትር በኋላ፣ የጠዋቱ ባቡር ከሄደ ወዲያ» አለች ፐርሚሊያ። «የቤቱ ቁልፍ ደግሞ እኔም ዘንድ አለ።»

ሁለቱ ጎን ለጎን መንገድ ጀመሩ። ሎቪዛ ጥቂት እርምጃ ወደ ኋላ ቀርታ ተከተለቻቸው።