በለቅሶ ቤት የጠጣሁት ውሃ

ባለፈው ወር አምቦ ውስጥ፣ በአንድ ሆቴል አዳራሽ፣ ፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። የእህቴ ልጅ ሌንሳ ልትሸለም ነው። የምትሠራው እህል በሚያቀነባብር ድርጅት ውስጥ ነው፤ የሕግ ክፍሉ ኃላፊ ናት። ከየከተማው ከመጡት የድርጅት የሕግ ባለሙያዎች መካከል ግንባር ቀደም ተብላ ተመርጣለች። ከረባት ያሰረ አንድ ጎልማሳ መድረክ ላይ ወጥቶ፣ የድርጅት የሕግ ባለሙያ ለንግድ ሥራ ምን እንደሚጠቅም በኦሮምኛም በአማርኛም አስረዳን። አደጋን ከሩቅ ያያል አለ። ውል ሳይፈረም ያነባል አለ። ነገር ፍርድ ቤት ሳይደርስ ደጅ ላይ ይጨርሳል አለ። ከጎኔ የተቀመጠው ጎረምሳ ሁሉንም በስልኩ ይቀርጻል። እኔ ሳቄ መጣ። ሰውዬው አዲስ ነገር ያገኘ መስሎታል። እኔ እኮ ይህን ሥራ ዲግሪ የሚባል ነገር በዓይኔ ሳላይ፣ በሃያ አራት ዓመቴ ሸነን በምትባል ትንሽ ከተማ ሠርቼዋለሁ።

ሌንሳ ሽልማቷን ስትቀበል ወደ እኔ ዞረች። «ይህን ሙያ ያስወደደኝ ጋሼ ነው። በወጣትነቱ የሰው ነፍስ ያዳነ ነገረ ፈጅ ነበር» አለች። አዳራሹ አጨበጨበ። ተነሥቼ እጅ ነሣሁ። ለምን እዋሻለሁ፣ ደስ ብሎኛል፤ ጭብጨባው ሲያንስብኝ ነው። ነገር ግን እሷ የምታውቀው እኔ የነገርኳትን ነው፤ እኔ ደግሞ የነገርኳት የሚያምረውን ነው።

እኔን ያስተማረኝ ሰው የለም። ፊደል ከቄስ ለቀምኩ፣ አራተኛ ክፍል ድረስ ተማርኩ፤ የቀረውን ሁሉ ራሴ ለራሴ አስተማርኩ። ከደርግ በፊት ነው፤ ከተማችን አምቦ በመንግሥት ወረቀት ላይ ሀገረ ሕይወት ትባል ነበር። ፍርድ ቤቱ ደጅ ካለው ዋርካ ሥር ተቀምጬ ለባለጉዳይ ማመልከቻ እጽፋለሁ። አንድ ዳኛ ሲዛወር ሽፋኑ የተገነጠለ የፍትሐ ብሔር ሕግ ጥሎ ሄደ። እሱን እንደ ዳዊት ደገምኩት። አንቀጹን በቁጥር ቢጠይቁኝ በቃሌ እመልስ ነበር። የተማሩት ጠበቆች እንኳ ወደ ችሎት ከመግባታቸው በፊት «እስቲ ይህችን እያት» ይሉኝ ነበር፤ ሰው ሳያያቸው።

ዝናዬን የሰማ አንድ የእንጨት መሰንጠቂያ ባለቤት «ና፣ ነገረ ፈጅ ሁነኝ» ብሎ ወደ ሸነን ወሰደኝ። ጠበቃና ነገረ ፈጅ ለብዙ ሰው አንድ ናቸው። አይደሉም። ጠበቃ ጉዳይ ሲመጣ ይመጣል፣ ጉዳዩ ሲያልቅ ወደ ሌላ ደጅ ይሄዳል። ነገረ ፈጅ ግን ቤተኛ ነው። እዚያው ይውላል፣ የቤቱን ገመና ያውቃል፣ የቤቱ አፍ ነው። ይህን ዛሬ አሳምሬ እናገረዋለሁ። ያን ጊዜ ግን የቤቱ አፍ የሆነ ሰው ለእጁም እንደሚጠየቅ አልገባኝም ነበር።

ሥራዬን ግን አውቅ ነበር። ከጅባት ጫካ ዝግባና ጥድ የሚያወርደው ካሚዮን የግንድ ማሰሪያ ሰንሰለቱ አርጅቶ ነበር። ለባለቤቱ ሦስት ጊዜ በጽሑፍ አሳወቅሁት። «ጌታዬ፣ ይህ ሰንሰለት አንድ ቀን ሰው ይበላል» አልኩት። «አንተ ስለ ወረቀትህ አስብ፣ ስለ ብረት ሹፌሩ ያስባል» አለኝ።

መጋቢት ነበር። ፀሐዩ መንገዱን ዱቄት አድርጎታል፤ ካሚዮን ሲያልፍ የሚነሣው አቧራ ሰው ቅንድብ ላይ ሳይቀር ይጋገራል። ከመጋዙ ጎን ተቀምጬ ቆጮ በአይብ እየበላሁ ነው። ትኩስ የተሰነጠቀ ጥድ ሽታና አይብ አንድ ላይ ይጣፍጣሉ፤ ዛሬም ጥድ ሲሸተኝ ይርበኛል። ድንገት ከዳገቱ በኩል ነጎድጓድ ሰማሁ። ቀና ብል ሰማዩ ላይ ደመና የለም።

ሰንሰለቱ ተበጥሶ ግንዶቹ ወርደዋል። ዲንቃ የሚባል ገበሬ ገብስ የጫነች አህያውን እየነዳ ወደ ገበያ ይወርድ ነበር። ስደርስ አህያዋ ወገቧ ተሰብሮ በፊት እግሮቿ አፈሩን ትቧጥጣለች። ዲንቃ ከወገቡ በታች ግንድ ሥር ነው። ከወገቡ በላይ ምንም አልሆነም፤ ሊጠይቀኝ የፈለገው ነገር ያለ ይመስል አፉን ከፍቶ ያየኛል። ግንዱን አንሥተን ሳንጨርስ ሞተ።

ሹፌሩ ግርማ የጌዶ ልጅ ነው፣ ዝምተኛ። ሮጦ መሰንጠቂያው ውስጥ ገባ፤ እኛም መጋዙ ያለበት ቤት ከትተን ቆለፍንበት። የዲንቃ ዘመዶች ካገኙት እንደሚገድሉት እሱም እኛም እናውቃለን። ባለቤቱ መኪናውን አስነሥቶ ወደ አዲስ አበባ ሲሄድ በመስኮት «መሰንጠቂያውም ግርማም በእጅህ ናቸው» አለኝ። ፖሊስ ከአምቦ እስኪደርስ ከአንድ ቀን በላይ ይፈጃል።

እኔ ግን አልደነገጥኩም። ወዲያው የአገር ሽማግሌዎችን ለመንኩ። በዚያ አገር ወግ የገዳይ ወገንና የሟች ወገን ጉማ እስኪፈጸም ድረስ፣ ማለት የደም ካሣ ተከፍሎ እስኪታረቁ ድረስ፣ በአንድ ዕቃ አይበሉም፣ አንድ ውሃ አይጠጡም። መሃል የሚገቡት ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው፣ የእርቅ ምልክት የሆነውን እርጥብ ሣር ይዘው። ሽማግሌዎቹን የሚመሩት ኦቦ ኩምሳ በማግስቱ፣ ከቀብር መልስ፣ ወደ ለቅሶው ቤት ይዘውኝ ሄዱ። ከግቢው ውጭ ካለ ሾላ ሥር አስቀመጡኝ።

«እስክንጠራህ ድረስ አትናገር፣ አትጠጋ፣ ከቤታቸውም ምንም አትቅመስ።»

«ኦቦ፣ እኔ እኮ የገዳይ ዘመድ አይደለሁም። የወር ደመወዝተኛ ነኝ።»

«የማንን ነገር ይዘህ መጣህ?»

«የመሰንጠቂያውን።»

«እንግዲያ አፍህን ይዘህ ተቀመጥ።»

ሁለት ሰዓት ተቀመጥኩ። ሾላው ቅጠሉን አራግፏል፣ ጥላ የለውም። ምላሴ ላንቃዬ ላይ ተጣበቀ። አንዲት ሴት ለለቅሶተኛው ውሃ በቅል ታድላለች፤ ለቅሶ የመጣ እንግዳ መስያት ወደ እኔ መጥታ ዘረጋችልኝ። የሽማግሌው ቃል አልጠፋኝም። ግን በልቤ ተከራከርኩ፤ እኔ ነጂ አይደለሁም፣ ባለ ካሚዮን አይደለሁም፣ በደምም በጋብቻም አልዛመድም፤ በየትኛው አንቀጽ ነው ውሃ የምከለከለው? ከሳሹም ተከሳሹም ዳኛውም እኔው ስለነበርኩ ረታሁ። ቅሉን ተቀብዬ እስከ ታች ጠጣሁ።

«ያ ማነው የሚጠጣው?» አለ አንድ ድምፅ። የዲንቃ ታናሽ ወንድም ቡልቻ ነው።

«የመሰንጠቂያው ነገረ ፈጅ ነው» አለው ሌላው።

የሴቶቹ ሙሾ ተቋረጠ።  ቡልቻ አጥሩን ዘሎ መጣ።

«ወንድሜን ጨፍልቃችሁት፣ አፈሩ ሳይደርቅ ውሃውን ትጠጣላችሁ?»

ቅሉን ከእጄ ነጥቆ በፊቴ ላይ ሰበረው። ሁለት የፊት ጥርሶቼ ከደሙ ጋር ወረዱ። ወደቅኩ። ማን በእግሩ ማን በዱላ እንደመታኝ አላውቅም፤ የጎድን አጥንቴ ግን እስከ ዛሬ በክረምት ይነግረኛል። የኦቦ ኩምሳ ሣር ከእግር በታች ሆነ። ከዚያ አንዱ «ሹፌሩ! ሹፌሩ መጋዙ ቤት ነው!» ብሎ ጮኸ፤ ሕዝቡ እኔን ጥሎ ቁልቁል ወደ መሰንጠቂያው ወረደ።

ደሜን እየተፋሁ ተከተልኳቸው። በሩ ላይ ዘበኛው ቶሎሳ ቆሟል። የዚያው ቀዬ ሰው ነው፣ ሁሉንም በስማቸው ያውቃቸዋል። ዱላውን ጥሎ ባዶ እጁን ዘረጋ። «ዲሳ!» ይላል በኦሮምኛ፤ «ተዉ ልጆቼ፣ ተዉ!» የመጀመሪያው ድንጋይ ደረቱን መታው፣ አልተነቃነቀም። የሚቀጥሉት ፊቱን አገኙት። እጆቹን ዓይኖቹ ላይ ከድኖ ተንበረከከ፤ ደሙ በጣቶቹ መካከል እስከ ክርኑ ወረደ። በላዩ ተራምደው ገቡ። የሳንቃውን ክምር አቀጣጠሉት። አንድ ሠራተኛ አጥር ሲዘል ባቱን በማጭድ ቆረጡት። የጥድ ጭስ ዓይን አያስገልጥም። በጭሱ ውስጥ መጋዙ ቤት በር ላይ መጥረቢያ ሲያርፍ፣ ከውስጥ ደግሞ ግርማ «እናቴ! እናቴ!» ሲል ይሰማል።

እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም፤ ጀርባዬን በሩ ላይ አስደግፌ ቆምኩ። መጥረቢያውን የያዘው ቡልቻ ነው።

«ዞር በል፣ አንተ ወረቀት!»

«አልዞርም።»

«ጥርስህን አራግፈንልሃል። ምላስህ ቀረ እንዴ?»

አሠሪ በሠራተኛው ጥፋት እንደሚጠየቅ አንቀጹን አውቀዋለሁ። አንቀጽ ግን አልጠቀስኩም። በቀረኝ ጥርስ ጮህኩ። «ግርማ አልገደለም! ሰንሰለቱ ማርጀቱን ቤቱ ያውቅ ነበር፤ ሦስት ጊዜ ጽፌ ነግሬያለሁ! የገደለው ቤቱ ነው። እኔ የቤቱ አፍ ነኝ፣ ቤቱ አምኗል! የምትመቱ ከሆነ ቤቱን ምቱ፣ ይኸው!»

ቡልቻ ቤቱን መታው። መጥረቢያውን በጀርባው አዙሮ ሰነዘረ፤ በስለቱ ቢሆን ይህን አልጽፍም ነበር። ግራ ክንዴን አነሣሁ፣ አጥንቱ እንደ ደረቅ ማገዶ ጮኸ። ሁለተኛው ትከሻዬን አገኘ። ሦስተኛውን ሲያነሣ ኦቦ ኩምሳ ከጭሱ ወጥተው በመካከላችን ወደቁ። ከመሬት የነጩት ሣር በእጃቸው ነው።

«ቡልቻ! ሰማህ? ቤቱ አመነ! ካመነ በኋላ የመታ፣ ደሙ ወደ ራሱ ይዞራል!»

ቡልቻ መጥረቢያውን እንዳነሣ ብዙ ቆየ። ከዚያ ጣለው፤ ሰጋቱራው ላይ ተቀመጠና እንደ ሕፃን አለቀሰ። ወንድሙ ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለቀሰው ያኔ ነው አሉ።

ግርማ ከዚያ ቤት በእግሩ ወጣ። ጉማው ተፈጸመ፤ ያን ያህል ሕዝብ የሰማውን የእምነት ቃል ባለቤቱ ሊክድ አልቻለም፣ የካሣውን ከብቶች ነዳ። እኔን ደግሞ ወጌሻ ክንዴን እያሰረኝ ሳለ መጥቶ አሰናበተኝ። «እንድትከራከርልኝ ቀጠርኩህ፣ አንተ አሳመንክብኝ» አለኝ። ክንዴ ዛሬም ቀጥ አይልም። አልቆጭም። ግርማ ጌዶ ላይ ልጅ የልጅ ልጅ አይቶ ነው የሞተው። በዚህ ብኩራራ የሚፈርድብኝ ያለ አይመስለኝም።

ቶሎሳ ግን ሁለቱም ዓይኖቹ ጠፉ። ከዓመታት በኋላ ሸነን ገበያ ልጁ እየመራችው አገኘሁት። ድምፄን ሲሰማ ፊቱ በራ። «ነገረ ፈጁ! ያዳንከን አንተ! ዋቃ ዕድሜህን ያርዝመው!» ብሎ መረቀኝ። ሕዝቡ በሐዘን ብቻ ገንፍሎ የመጣ ይመስለዋል። ስለ ውሃው የነገረው የለም፤ ጉማ ከተፈጸመ በኋላ የጠቡን መነሻ መልሶ ማንሣት በዚያ አገር ነውር ነው። ያ ወግ ለእኔ ተመቸኝ። «አሜን» አልኩ። በተገናኘን ቁጥር መረቀኝ፣ በተገናኘን ቁጥር «አሜን» አልኩ፤ እስኪሞት ድረስ። ሽማግሌዎቹ ነገሩን ሊያበርዱት ትንሽ ቀርቷቸው ነበር። ያ ሕዝብ የተነሣው እኔ በልቤ ችሎት ተከራክሬ ስለረታሁ ነው። ግርማን ያዳንኩት ራሴ ከለኮስኩት እሳት ነው። ቶሎሳን አላዳንኩትም።

ባለፈው እሑድ ሌንሳ ልትጠይቀኝ መጣች፤ መንገዱ ተዘግቶ ሰንብቶ የተከፈተው በዚያው ሳምንት ነው። ይህን ጽሑፍ ሰጠኋት። መነጽሯን አድርጋ፣ ውል እንደምታነብ፣ በጣቷ መስመር እየተከተለች አነበበች። ሲያልቅ ወደ ኋላ ገልጣ ጣቷን የቶሎሳ ስም ላይ አሳረፈች።

«ጋሼ፣ የቶሎሳን አውጣው» አለችኝ።

«ለምን?»

«ልጆቹ አሉ። ይህ እኮ በገዛ እጅህ የተጻፈ የእምነት ቃል ነው። ይያዝብሃል።»

ደንበኛዋን የምትጠብቅ ጎበዝ ባለሙያ ናት፤ ሽልማቱ ይገባታል። እኔ ግን አንድ ጊዜ በቤቱ ስም አምኜ አውቃለሁ። በራሴ ስም አምኜ አላውቅም።

«ይያዝ» አልኳት።