በነጻ የሚታደል ዘይት

ቅጹ ከወፍራም ደብተር አይተናነስም ነበር። የላከልን መኪኖቹን በቋሚነት የሚያሠራበት ጋራዥ የሚፈልግ አንድ ትልቅ ድርጅት ነው። አየር ጤና አካባቢ ካሉት ጋራዦች ሦስታችንን መርጦ ነበር፤ ቅጹን አይቶ፣ ቦታውን ጎብኝቶ ለአንዳችን ውል ይሰጣል። አባቴ ከሞተ ወዲህ ጋራዡን የምመራው እኔ ነኝ። ሞተር ከመፍታት ወረቀት መሙላት ይቀለኛል፤ ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የቢሮዬን በር ዘግቼ ተቀመጥኩ። ቢሮ ስል ደግሞ ሰው እንዳይታለል፤ ግማሹን ቦታ አሮጌ ጎማ የያዘው የቆርቆሮ ክፍል ነው።

ስለ መሣሪያ፣ ስለ ሠራተኛና ስለ ፈቃድ የሚጠይቀውን ሳልቸገር ሞላሁ። ከዚያ «ማኅበራዊና አካባቢያዊ ኃላፊነት» የሚል ክፍል መጣ። «ድርጅትዎ ለአካባቢው ኅብረተሰብ የሚያበረክተው አስተዋጽኦ ካለ ይግለጹ» ይላል። ሌሎቹ ጋራዦች እዚህ ላይ ምን እንደሚጽፉ አላውቅም፤ ችግኝ ተክለናል ይሉ ይሆናል። እኔ የምጽፈው አላጣሁም። «ከመኪኖች የሚወጣውን የተቃጠለ ዘይት ከጋራዡ መመሥረት ጀምሮ ለሰፈሩ ነዋሪ በነጻ ስናድል ቆይተናል፤ ወደፊትም ይህንኑ በጎ ተግባር እንቀጥላለን» ብዬ ጻፍኩ። ደግሜ አነበብኩት። «በጎ ተግባር» የምትለዋ ሳትቀር ደስ አለችኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰፈራችን የጭቃ ቤት ያለው ሰው ሁሉ ከምስጥ ጋር ይኖራል። ምስጥ የቤቱን ቋሚ ከሥር እየበላ ይወጣል፤ እንጨቱ የተቃጠለ ዘይት ከተቀባ ግን አይነካውም። ስለዚህ ክረምት ወጥቶ መሬቱ ሲደርቅ፣ አጥር የሚያድሰውም ቤት የሚጠግነውም ጀሪካኑን አንጠልጥሎ በራችን ላይ ይቆማል። ሌላው ጋራዥ ዘይቱን ይሸጣል። አባቴ ሽጦ አያውቅም። ወላጆቹ ከደቡብ ምዕራብ መጥተው እዚሁ የቀሩ ነጋዴዎች ነበሩ፤ ከእነሱ የወረሰው ትምህርት «ለጎረቤት የሚሆን ነገር አይሸጥም» የሚል ነው። ከዕደላው የተረፈውን ደግሞ በባልዲ እየቀዳ ከጋራዡ በታች ባለው መንገድ ላይ ይረጨዋል። መንገዱ አስፋልትም ኮብልስቶንም አይቶ አያውቅም፤ በበጋ አቧራው ወጥ ድስት ውስጥ ይገባል። ዘይቱ ሲረጭበት ይተኛል። ሴቶቹ ከየቤታቸው ብቅ እያሉ ይመርቁት ነበር።

ቀብሩ ላይ የእድራችን ዳኛ ስለ እሱ ሲናገሩ ከሁሉ ያስቀደሙት ይኼንኑ ዘይት ነው። እኔም ቆሜ አለቀስኩ፤ ኮርቼም ነበር። ቅጹ ላይ ያን ስጽፍ እንግዲህ ከአባቴ ቀብር ላይ እንደ መቅዳት ነው።

በሐምሌ መጨረሻ ድርጅቱ አንድ ወጣት ባለሙያ ላከ። ሥራው በቅጹ ላይ የተጻፈውን ከቦታው ጋር ማመሳከር ነው። ዝናብ ሲዘንብ ስላደረ ግቢው ጭቃ ነበር፤ እሱ ግን ንጹሕ ጫማውን እያየ አላማረረም። ክሪኩን፣ የእሳት ማጥፊያውን፣ የሠራተኞቹን ጓንት አየ። ከዚያ ቅጹን አውጥቶ ከሥሩ ያሰመረበትን መስመር አሳየኝ።

«እህቴ፣ ይኼን የጻፉት እርስዎ ነዎት?»

«አዎ።»

«ለኅብረተሰቡ ከሚደረግ አስተዋጽኦ ውስጥ ነው ያስገቡት?»

«አዎ። በነጻ ነው የምንሰጠው፤ የተረፈውንም ለአቧራው ብለን መንገዱ ላይ እንረጨዋለን» አልኩት፤ ያልገባው መስሎኝ።

አልሳቀም። ባለመሳቁ እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ። «መሬት ላይ የሚረጨው ወዴት ይሄዳል?» አለኝ።

«የትም አይሄድም። መሬቱ ይጠጣዋል።»

«ከጠጣው በኋላስ?»

ዕድሜዬን ሙሉ ከዚያ ዘይት ጋር ስኖር ከጠጣው በኋላ ስላለው አንድም ቀን አስቤ አላውቅም። እሱ ቁልቁለቱን አየና ከታች የጉድጓድ ውሃ የሚጠቀም ሰው እንዳለ ጠየቀኝ። ነበር።

ከጋራዡ በታች፣ ከአጥራችን ቀጥሎ፣ እማማ የምላቸው ጎረቤታችን ይኖራሉ። ብርድ ልብስና ጋቢ አጥበው የሚተዳደሩ ሴት ናቸው። ባለቤታቸው በሕይወት ሳሉ ያስቆፈሩት የጉድጓድ ውሃ ስላላቸው የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ሲሆን ሌላው ሲጨነቅ እሳቸው ገመዳቸውን ሞልተው ያሰጡ ነበር። ባለቤታቸው በሞቱበት ዓመት የቤታቸው ቋሚ በምስጥ ተበልቶ አንዱ ግድግዳ አዘነበለ። አባቴ ሠራተኞቹን ይዞ ሄዶ ቋሚዎቹን ለወጠ፤ እያንዳንዱን ዘይት ቀብቶ አቆመላቸው። ቤቱ እስካሁን ቆሟል።

ወጣቱን ይዤ ስገባ እማማ ሳፋ ፊት ተቀምጠው ነበር። ውሃውን ማየት እንደምንፈልግ ነገርኳቸው፤ ለምን ሳይሉ ተነሥተው ባልዲውን ወደ ጉድጓዱ ሰደዱ። የወጣው ውሃ ላይ እንደ ቀስተ ደመና ያለ ቀለም ተንሳፍፎ ነበር። እማማ ከገመዱ ላይ አንድ የብርድ ልብስ ቁራጭ አወረዱ፤ ውሃው ላይ ጣል አድርገው ቀስ ብለው አነሡት፤ ጨምቀው ደግመው አነጠፉት። በሦስተኛው ውሃው ጠራ። እጃቸው አላመነታም። ብዙ ጊዜ የተሠራ ሥራ መሆኑ ከሩቅ ያስታውቃል።

«እማማ፣ ይኼ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ምኑ?»

«ዘይቱ።»

«ኧረ እሱማ ቆየ። ክረምት ክረምት ነው የሚብሰው፤ ጎርፉ ይዞት ይገባል።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩንም?»

ነውር እንደ ተናገርኩ ሁሉ አዩኝ። «ለማን ልንገር? ቤቴን ያቆመልኝን ሰው ውሃዬን አበላሸህብኝ ልበለው? ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት።»

ከዚያ በኋላ የነገሩኝን ወጣቱም ይሰማ ነበር። ነጭ ጋቢ መቀበል ካቆሙ ዓመታት አልፈዋል፤ ደንበኞቻቸውን የሚመልሷቸው «ወገቤን ያመኛል» እያሉ ነው። የሚያጥቡት ጥቁርና ቡናማ ብርድ ልብስ ብቻ ነው። የሚጠጡትን በጀሪካን ይገዛሉ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኼ ነው። አሁን ደግሞ ብርድ ልብሱም እየሸተተ ነው ተብሎ መመለስ ጀምሯል፤ እንዲህ ከቀጠለ እንጀራቸው መቋረጡ ነው፤ ሌላ ሥራ አያውቁም። እኔ ከዚያ ግቢ በአንድ አጥር ተለይቼ ስኖር ገመዱ ላይ ነጭ ነገር መጥፋቱን አላየሁም ነበር። አፈርኩ። ከእኛ ቧንቧ እንዲቀዱ ብለምናቸው «በዚህ ዕድሜዬ ልመና አልለምድም» ብለው ወደ ሳፋቸው ተመለሱ።

ወጣቱ የሚደረገውን በአጭሩ ነገረኝ። የተቃጠለው ዘይት ክዳን ባለው በርሜል ይጠራቀማል፤ በርሜሉ ሲሚንቶ ወለል ላይ ይቀመጣል፤ ፈቃድ ያለው ሰብሳቢ እየመጣ ይወስደዋል። ለሰፈር ማደልም መንገድ ላይ መርጨትም ይቀራል። ነዋሪው ይህን ማወቁን የሚያሳይ ቃለ ጉባኤ ከፋይሉ ጋር መያያዝ አለበት። ክረምቱ እስኪወጣ ጊዜ ሰጠኝ።

ቀላሉ መንገድ «ሕግ ከለከለን» ብሎ መለያየት ነበር። ሰዉ ሕግን ይረግማል እንጂ እኔን አይቀየምም። ግን ከሌላ ጋራዥ ገዝተው መቀባታቸውና መርጨታቸው የማይቀር ነው፤ ከታች ደግሞ ሌላም ጉድጓድ አለ። እውነቱን ልናገር ብል እውነቱ ውስጥ አባቴ አለ። አንድ ሳምንት ሙሉ ሠራተኞቹን በማይረባ ነገር ስቆጣ ከረምኩ። በመጨረሻ ልናገር ቆረጥኩ፤ ከጀግንነት ሳይሆን ያቺን የብርድ ልብስ ቁራጭ መርሳት አቅቶኝ ነው።

የእድራችን ስብሰባ በነሐሴ የመጀመሪያው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነበር። ሰዉ አግዳሚ ወንበሮቹን ሞልቷል፤ እማማ ከሴቶቹ ጋር በግድግዳው በኩል ተቀምጠዋል። አባቴን ተክቼ አባል ከሆንኩ ጀምሮ ተነሥቼ ስናገር የመጀመሪያዬ ነው።

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝና» ብዬ ጀመርኩ፤ «አባቴ በደግነት ሲያድል የኖረው ዘይት ውሃ አበላሽቷል። የእማማ ጉድጓድ ተበላሽቶባቸዋል፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ከእንግዲህ ከእኛ ጋራዥ ዘይት አይወጣም። እናንተም ከሌላ ገዝታችሁ መሬት ላይ አትድፉ።»

ከኋላ አንድ ጎረቤት፣ በየዓመቱ ሁለት ጀሪካን የሚወስድ ሰውዬ፣ «ትልቅ ድርጅት ስታገኚ ሰፈሩን ረሳሁት በይ» አለ። አንዳንዱ ሳቀ። ዳኛው እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኙት።

«ልጄ፣ አባትሽ ደግ ሰው ነበሩ» አሉኝ።

«ደግ ነበር። እኔም ደግ አልነበረም አላልኩም።»

ዳኛው ወደ ሴቶቹ ዞሩ። «እስቲ የጉድጓዱ ባለቤት ይናገሩ። እርስዎ ምን ይላሉ?»

እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። እኔን አላዩኝም። «የእኔ ውሃ ምንም አልሆነም» አሉ፤ «እሳቸውም፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ ክፉ አልሠሩብኝም።» ይህን ብለው ተቀመጡ።

ዳኛው እፎይ አሉ። ስለ እድሩ ድንኳን መቀደድ ወደሚቀጥለው አጀንዳ ተሻገርን። እኔ ከድንኳኑ ውይይት አንድ ቃል አልሰማሁም። በጣም ተናድጄ ነበር። በገዛ አባቴ ስም ላይ የቆምኩት ለእሳቸው ብዬ ነው፤ እሳቸው በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ውሸታም አደረጉኝ። ቃለ ጉባኤው «ስለ ውሃው የቀረበው ቅሬታ መሠረት የሌለው ሆኖ ስለተገኘ ታልፏል» ይላል። ይኼንኑ ወረቀት ፎቶ ኮፒ አድርጌ ከፋይሉ ጋር አያያዝኩት፤ የተጠየቅኩት ቃለ ጉባኤ ነው፤ ጥሩ ቃለ ጉባኤ አልተባልኩም።

ውሉ በኋላ ተሰጠን። ድርጅቱ የሲሚንቶ ወለላችንንና በርሜሎቻችንን ፎቶ አንሥቶ ለዓመታዊ መጽሔቱ ወሰደ፤ ከፎቶው ሥር የእኛ ጋራዥ ለአካባቢው ያለው ተቆርቋሪነት ተጽፏል። ጀሪካን ይዘው የሚመጡ ሰዎች ለጥቂት ጊዜ እየመጡ፣ «አባትሽ እንዲህ አልነበሩም» እያሉ ተመለሱ። አሁን አይመጡም። መንገዱ እንደ ጥንቱ ያቦናል።

ይህ ሁሉ ከመሆኑ በፊት ግን፣ ከእድሩ ስብሰባ ማግስት ሰኞ ጠዋት፣ የጋራዡን በር ስከፍት እማማ ውጭ ቆመው አገኘኋቸው። ሁለት ጀሪካን ይዘዋል። የቆሙት ሰዉ ለዘይት የሚሰለፍበት ቦታ ላይ ነው። ላናግራቸው አልፈለግኩም፤ ግን ሰላምታ መንሣት አይሆንልኝም።

«እንደምን አደሩ እማማ።»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ተቀይመሻል።»

«አዎ፣ ተቀይሜያለሁ። እድርተኛው ሁሉ ውሸታም ነች ብሎ ሄደ።»

«ይበል። አንቺ በሕይወት አለሽ፤ የሚልሽን ብትፈልጊ ትመልሺለታለሽ። አባትሽ ተነሥተው አይመልሱም። እሳቸውን በእድር ፊት አታንሺብኝ።»

«ውሃውስ እማማ?»

አንዱን ጀሪካን በእግራቸው ወደ ቧንቧው ገፋ አደረጉት።

«ውሃውማ ከተበላሸ ስንት ዘመኑ። ለእንቁጣጣሽ የሚደርስ ነጭ ጋቢ ተቀብያለሁ፤ በይ ቶሎ ቅጂልኝ።»